ዱላውን የፈቀደው ማነው?

ባለፈው ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ የተጻፈው ከአንድ የተማሪ አባት ነው። እኒህ አባት፥ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከታናሽ ወንድሙ ጋር መደባደብ እንደሚያዘወትር፥ የሚሰነዝረውም እርግጫ ከፊልም የተቀዳ መሆኑን ልጁ ራሱ ሳያፍር እንደሚመሰክር ከገለጹልኝ በኋላ፥ «እርስዎ መምህር ነዎትና በዓምድዎ ላይ ሲኒማና ቴሌቪዥን ልጆቻችንን ነፍሰ ገዳይ እያደረጉብን መሆኑን ጽፈው ያስጠንቅቁልን» ሲሉ አሳስበውኛል። የአባት ቃል ስለሆነ ትእዛዙን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ጽሑፉ እርሳቸው ባሰቡት መንገድ የሚሄድ አይመስለኝም።

ስሞታው አዲስ አይደለም። በ1946 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ወርተም የሚባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም፥ በዚያን ጊዜ የአገራቸው ልጆች የሚሻሙባቸው ባለሥዕል የታሪክ መጽሔቶች ወጣቱን ወደ ወንጀል ይመራሉ ብለው አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴም ነገሩን በአደባባይ መረመረ፤ አሳታሚዎቹ ደንግጠው ለራሳቸው የሳንሱር ደንብ አወጡ፤ አያሌ መጽሔቶች ከገበያ ጠፉ። ሐኪሙ ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን አንዲት የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተመራማሪ የተዉትን ወረቀት አገላብጠው ሲመለከቱ፥ ወርተም ወጣት ሕመምተኞቻቸው የነገሯቸውን ቃል በብዙ ቦታ አጋንነውና ለውጠው እንደ ጻፉት ደረሱበት። የልጅን ጥፋት በአንድ ወረቀት ላይ ለጥፎ መገላገል ለወላጅም፥ ለሐኪምም፥ ለሕግ አውጪም እጅግ የሚያሳርፍ ነገር ነው።

ይህን ስል ግን ነገሩ ሁሉ ከንቱ ፍርሃት ነው ማለቴ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ፥ አልበርት ባንዱራ የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ነው። ባንዱራ በአየር የተነፋ፥ ቢመቱት ወድቆ የሚነሣ አንድ ትልቅ አሻንጉሊት አዘጋጁ። ከዚያም አንድ ጎልማሳ ሰው አሻንጉሊቱን በቡጢ ሲነርተው፥ በመዶሻ ሲቀጠቅጠው፥ ሕፃናት እንዲያዩ አደረጉ። ሕፃናቱ ኋላ ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲተዉ ብዙዎቹ ያዩትን ደገሙት። ወሬው በዓለም የተሠራጨው እዚህ ድረስ ነው፤ የሲኒማ ተቃዋሚዎችም የሚጠቅሱት ይህንኑ ክፍል ነው።

የሚበልጠው ግን በ1957 ዓ.ም. የታተመው ሌላው ምርመራ ነው። በዚህኛው 66 ሕፃናት ያንኑ ድብደባ በፊልም አዩ፤ የፊልሙ መጨረሻ ግን ሦስት ዓይነት ነበር። ለአንደኛው ክፍል፥ ደብዳቢው ሲመሰገንና በጣፋጭ ሲሸለም ታየ። ለሁለተኛው ክፍል፥ ሲገሠጽና ሲቀጣ ታየ። (የተቀጣበት መሣሪያ የተጠቀለለ መጽሔት ነበር። መጽሔት ለዚህም እንደሚያገለግል ለአዘጋጃችን እስካሁን አልነገርኋቸውም።) ለሦስተኛው ክፍል ፊልሙ ምንም ሳይባል አለቀ። እንደሚጠበቀውም፥ ደብዳቢው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ ደገሙ።

ምርመራው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ፥ «እንግዲያስ በየፊልሙ መጨረሻ ክፉው ሰው ይቀጣና ነገሩ ይለቅ» እንል ነበር። ነገር ግን ቀጥሎ ለልጆቹ ሁሉ፥ በፊልሙ ያያችሁትን ብታሳዩን ሽልማት አለላችሁ ተባሉ። በዚህ ጊዜ ሦስቱም ክፍሎች እኩል አሳዩ። ለካስ ሁሉም ተምረውት ኖሯል። ቅጣቱ ዱላውን አላስረሳቸውም፤ ዱላው በሆዳቸው ተቀምጦ ፈቃድ ይጠባበቅ ነበር።

በእርግጥ አሻንጉሊት ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ያ አሻንጉሊት የተሠራው ለመመታት ነው። ከዚህም የተነሣ ሊቃውንቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ሲከራከሩ ይኖራሉ፤ እኔም ክርክራቸውን በአንድ ገጽ እፈታለሁ አልልም። ነገር ግን ዱላን ማወቅና ዱላ እንደ ተፈቀደ ማመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማንም መምህር ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሊያየው ይችላል። እኔ ከማስተምራቸው ወንዶች ልጆች የፊልም እርግጫ የማያውቅ አንድ ስንኳ የለም። በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ሲያዩት አድገዋል፤ አሁን ደግሞ በእጅ ስልክ ያዩታል። ቢሆንም በዓመት ውስጥ በእውነት የሚደባደቡት ጥቂቶች ናቸው። የሚደባደቡትም መቼ እንደሆነ ልብ ብዬ ተመልክቻለሁ። ሁለቱ ባላንጣዎች ብቻቸውን ሲሆኑ ተሳድበው፥ ተገፋፍተው፥ ይለያያሉ። ዙሪያቸውን ተማሪ ከከበባቸውና ከመካከል አንዱ «በለው!» ያለ እንደሆነ ግን ነገሩ ያበቃለታል። «በለው» ያለው ልጅ አንድም ጣት አላነሣም፤ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሲቀርብም «እኔ ምን አደረግሁ?» ይላል።

እኒህ አባት ከልጃቸው ዓይን የሚሰውሩትን ፊልም እሰውር ይበሉ፤ አልቃወምም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን እርግጫውን የሚያሳየው ሳይሆን «በለው» የሚለው ነው። ይህም በፊልም መልክ አይመጣም። በዜና፥ በወግ፥ በቀልድ፥ በሙዚቃ መካከል ይመጣል። ስለዚህ ነገር ምስክር የሚፈልግ ሰው አሻንጉሊቱን ትቶ ወደ ሩዋንዳ ታሪክ መሄድ ይኖርበታል።

ሩዋንዳ ባለሺሕ ኮረብታ የምትባል ትንሽ አገር ናት። ሁቱና ቱትሲ የተባሉት ወገኖች ቋንቋቸው አንድ ኪንያርዋንዳ ነው፤ ጸሎታቸው አንድ ነው፤ ጎጇቸውም በአንድ ኮረብታ ላይ ተቀላቅሎ ይታይ ነበር። የሚለያቸው ቤልጅጎች በቅኝ ግዛት ዘመን ያወጡት፥ ወገንን የሚጠቅሰው የመታወቂያ ወረቀት ነበር። የገጠሩ ሕዝብ አብዛኛው ጋዜጣ አያነብም፤ ስለ ዓለምም ሆነ ስለ መንግሥቱ የሚሰማው በራዲዮ ነው። ራዲዮ የተናገረውንም መንግሥት እንደ ተናገረው ይቈጥረዋል።

የመጀመሪያው ምልክት የታየው በየካቲት 1984 ዓ.ም. ነው። የመንግሥቱ ራዲዮ፥ ከናይሮቢ ተገኘ የተባለ አንድ ወረቀት ደጋግሞ አነበበ፤ ወረቀቱም ቱትሲዎች የሁቱ መሪዎችን ለመግደል እንደ ዶለቱ የሚናገር ነበር። ነገሩ ሐሰት ነው። ይሁን እንጂ ቡገሴራ በሚባለው አውራጃ በቀናት ውስጥ ግድያ ተነሣ፤ በመቶ የሚቈጠሩ ቱትሲዎች ሞቱ። በዚያን ጊዜ የማስታወቂያ መሥሪያ ቤቱ ዲሬክተር የነበረው ፈርዲናንድ ናሂማና ከሥልጣኑ ተነሣ። ናሂማና በዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር የነበረ፥ የተማረ ሰው ነው። እኔም የመምህር ደመወዝ የምበላ ነኝና ይህ ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳፍረኛል። ክፉ ነገር ከማይምነት ብቻ ይመነጫል ብለን በየክፍሉ የምናስተምረውን ምን ልናደርገው ነው?

ይኸው ሰው ከሌሎች ጋር ሆኖ አዲስ የግል ራዲዮ ጣቢያ አቋቋመ። ራዲዮ ቴሌቪዥን ሊብር ዴ ሚል ኮሊን ይባላል፤ ነፃው የሺሕ ኮረብታዎች ራዲዮና ቴሌቪዥን ማለት ነው። ቴሌቪዥኑ በስሙ ላይ ብቻ ቀረ። ራዲዮው ግን ሐምሌ 1 ቀን 1985 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የባለአክሲዮኖቹ የበላይ ፌሊሲዬን ካቡጋ የተባለው ባለጠጋ ነጋዴ ነበር።

የዚህን ራዲዮ አሠራር ማወቅ ያሻል፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን የጥላቻ ራዲዮ ሲባል ከማለዳ እስከ ማታ በቁጣ የሚጮህ አንድ ሰው ይታየናል። ይህ ራዲዮ እንዲህ አልነበረም። የመንግሥቱ ራዲዮ ክራቫት አጥብቆ እንደሚናገር ባለሥልጣን ደረቅ ሲሆን፥ አዲሱ ግን ወዳጆች በመጠጥ ቤት ተቀምጠው እንደሚጫወቱት ያለ ነበር። የኮንጎ ሙዚቃ ያሰማል። አስተዋዋቂዎቹ ይቀልዳሉ፥ ይሳሳቃሉ፥ የሰፈር ሐሜት ያወራሉ። አድማጭ ስልክ ደውሎ ያየውን ይናገራል። ከአስተዋዋቂዎቹም አንዱ ኪንያርዋንዳ የማይናገር፥ በፈረንሳይኛ የሚያወራ ጆርጅ ሩጁ የሚባል የቤልጅግ ሰው ነበር። ሙዚቃው ጥሩ ስለነበር፥ የሚሰደቡት ወገኖች እንኳ ያዳምጡት ነበር። በቀልዱ መካከል ግን ቱትሲ «በረሮ» እየተባለ ይጠራል። በመጀመሪያው ቀን ያስደነግጣል፤ በሳምንቱ ያስቃል፤ በወሩ ማንም አያስተውለውም። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የከፋው ይህ ሦስተኛው ነው።

መጋቢት 28 ቀን 1986 ዓ.ም. ማታ፥ ፕሬዚዳንት ጁቬናል ሃቢያሪማና ከቡሩንዲው ፕሬዚዳንት ጋር የተሳፈሩበት አይሮፕላን ኪጋሊ ሊያርፍ ሲል ተመትቶ ወደቀ። ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በየመንገዱ ኬላ ቆመ። በኬላው ላይ ገጀራ የያዙ ወጣቶች ራዲዮም አብረው ይዘዋል። ራዲዮው አሁን ወግ መጠረቁን ወደ ጎን አድርጎ መንገድ መሪ ሆነ። የእገሌ ቤት በዚህ ሰፈር ነው፤ እገሌ የሚባለው የዚህ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አምልጧል፤ የመኪናው ሰሌዳ ቍጥር ይህ ነው፤ እነ እገሌ በዚያ ሕንጻ ተደብቀዋል እያለ ያሠራጭ ጀመር። ስማቸው ከተጠራው ሰዎች የተገደሉ እንዳሉ ኋላ በፍርድ ቤት ተረጋገጠ። መግደል የሚባለው ቃልም በብዙ ቦታ አይነሣም፤ «ሥራ» ይባላል። ሩዋንዳውያን በየጊዜው ወጥተው መንገድና እርከን በኅብረት የሚሠሩበት ልማድ ነበራቸውና፥ «ወደ ሥራ ውጡ» የሚለው ጥሪ ለጆሯቸው እንግዳ አልነበረም። በመቶ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ የሞተው ሰው በተባበሩት መንግሥታት ግምት 800,000፥ በሩዋንዳ መንግሥት ቍጥር ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። የሚበዙት ቱትሲዎች ናቸው፤ ግድያውን የተቃወሙ ሁቱዎችም አብረው ሞተዋል።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያደረገው ራዲዮው ነው ማለት ይቻላልን?

ሊቃውንት እዚህም ላይ ተከራክረዋል፤ ክርክራቸውም የሚደነቅ ነው። ዴቪድ ያናጊዛዋ ድሮት የተባሉት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ ያገሩን ኮረብታዎች ራሳቸውን ምስክር አድርገው ጠሩ። ጣቢያው ሁለት ማሠራጫዎች ነበሩት፤ አንዱ በኪጋሊ፥ አንዱ በሙሄ ተራራ ላይ። ሞገዱ በቀጥታ ስለሚሄድ ኮረብታ የጋረደው መንደር አይሰማም፤ ከጐኑ ያለው ይሰማል። ተመራማሪው የሚሰሙትን መንደሮች ከማይሰሙት ጋር አስተያይተው፥ ከጠቅላላው ግፍ ከአሥር አንድ እጅ ያህሉ በራዲዮው ምክንያት የመጣ ነው ሲሉ በ2007 ዓ.ም. ጻፉ። በሌላ በኩል ስኮት ስትራውስ የሚባሉት አሜሪካዊ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ወደ ወኅኒ ቤት ሄደው 210 ወንጀለኞችን አነጋገሩ። አብዛኞቹ፥ እኛ የወጣነው ራዲዮ ሰምተን ሳይሆን ያገሩ ሹምና ጎረቤቶቻችን በራችን ድረስ መጥተው ስለ ጠሩን ነው አሉ። አብዛኞቹ ጎረቤታቸውን አስቀድመው ይጠሉ የነበሩም አልሆኑም።

ሁለቱ ምርመራዎች የሚጣሉ የሚመስሉት ራዲዮን እንደ መርፌ፥ አድማጭን እንደ ሕመምተኛ ለሚቈጥር ሰው ነው። እኔ ግን አንድ ነገር የሚናገሩ ይመስለኛል። ጥላቻ ከራዲዮ እንደ ውሃ ተቀድቶ በእያንዳንዱ ሰው ልብ አልፈሰሰም። ራዲዮው ለእያንዳንዱ ሰፈር ጉልበተኛና ሹም፥ ዛሬ የሚከለክልህ የለም፤ ነገም የሚጠይቅህ የለም፤ እንዲያውም ትመሰገናለህ ብሎ ነገረው። ሹሙና ጉልበተኛው ደግሞ በር እያንኳኩ ለቀረው ነገሩት። ራዲዮ የሌለውም ሰው ጎረቤቱ ሲወጣ አይቶ ወጣ፤ አልወጣም ቢል ምን እንደሚደርስበት ያውቃልና። የባንዱራ ሕፃናት ደብዳቢው ሲሸለም ያዩት በፊልም ነበር። ሩዋንዳውያን ግን ያዩት በገዛ ኮረብታቸው ላይ፥ በገዛ ሹማቸው እጅ ነው።

ራዲዮውን ማፈን ይቻል ነበር ወይ? የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ የነበሩት ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ደጋግመው ጠይቀዋል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ሚያዝያ 27 ቀን 1986 ዓ.ም. በተጻፈ ማስታወሻ የሰጠው መልስ፥ ሞገዱን ከአየር ላይ የሚያውክ አይሮፕላን መላክ ውጤቱ አነስተኛ፥ ወጪውም ብዙ ነው የሚል ነበር፤ የአንድ ሰዓት በረራ 8,500 ዶላር ይፈጃልና። የሕግ ጥያቄም ተነሥቶ ነበር። ስለ ንግግር ነፃነት ማሰብ መልካም ነው፤ እኔም የምጽፈው በእርሱ ነው። ነገር ግን የሰውን ስምና የቤቱን ቦታ ገጀራ ለያዘ ሰው መንገር ንግግር መባሉን ለተማሪዎቼ እንዴት አድርጌ እንደማስረዳ አላውቅም።

ፍርዱ የመጣው ዘግይቶ ነው። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ኅዳር 23 ቀን 1996 ዓ.ም. በሦስት ሰዎች ላይ ፈረደ፦ በናሂማና፥ ከራዲዮው መሥራቾች አንዱ በነበረው የሕግ ምሁር በባራያጉዊዛ፥ እንዲሁም ካንጉራ የተባለው ጋዜጣ አዘጋጅ በነበረው በሐሰን ንጌዜ። የጋዜጣ ሰው መጨመሩን ልብ ይሏል፤ ማንበብ ለሚችለው ሕዝብ መርዙን አስቀድሞ ያዘጋጀው በኅትመት ነበር። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ኅዳር 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅጣታቸውን ወደ 30፥ ወደ 32 እና ወደ 35 ዓመት ዝቅ አደረገው። ሩጁ ጥፋቱን አምኖ አስቀድሞ 12 ዓመት ተፈርዶበት ነበር። ባለጠጋው ካቡጋ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ተሰውሮ ኖሮ ግንቦት 8 ቀን 2012 ዓ.ም. በፓሪስ አጠገብ ተያዘ፤ አእምሮው ለፍርድ የሚበቃ አይደለም ስለተባለም የሙግቱ ሂደት በ2015 ዓ.ም. ላልተወሰነ ጊዜ ታገደ።

ከይግባኙ ፍርድ ውስጥ አንዲት ነገር አእምሮዬን አትለቅም። ዳኞቹ፥ አይሮፕላኑ ከወደቀ በኋላ የተነገረው በቀጥታ ለዘር ማጥፋት የሚያነሣሣ ነበር አሉ፤ ከዚያ በፊት የተሠራጨው ግን ጥላቻን የሚቀሰቅስ ቢሆንም በቀጥታ ወደ ዘር ማጥፋት የሚጠራ ለመሆኑ ማስረጃው አልበቃም አሉ። ለዳኛ ይህ ልዩነት ተገቢ ነው፤ ሰውን በሕግ ለመቅጣት የጠራ ማስረጃ ያስፈልጋል። ለመምህርና ለወላጅ ግን ያ ያልተቀጣው ዘጠኝ ወር ነው ዋናው። ጆሮ የለመደው በዚያ ጊዜ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ በረሮ ሲባል እየሰማ የሳቀ ሰው፥ በአሥረኛው ወር «ሥራ» ሲባል ትርጕሙን የሚጠይቅበት አፍ ከየት ያመጣል?

ይህን ታሪክ የጎረቤት አገር ታሪክ ነው ብዬ ብተወው ደስ ባለኝ። ሆኖም በእኛም አገር፥ ጦርነቱ በተፋፋመበት በ2014 ዓ.ም. መግቢያ፥ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ አንድ ትግራዊ ሰው ፎቶግራፋቸውና ስማቸው ከክስ ቃል ጋር በፌስቡክ ወጣ። ጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው፥ ጽሑፎቹ እንዲነሡ ለድርጅቱ አስቀድሜ አመልክቼ ነበር፥ በጊዜው ግን አልተነሡም በማለት የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. በናይሮቢ ከሰሰ። በናይሮቢ የሆነውም፥ የዚህን አካባቢ ጽሑፍ ለድርጅቱ የሚመረምሩት ሠራተኞች እዚያ ስለነበሩ ነው። ኩባንያው በኬንያ ልከሰስ አይገባኝም ብሎ ተከራከረ፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ወሰነ።

ልዩነቱን ተመልከቱ። የኪጋሊው ራዲዮ ማሠራጫው የቆመበት ተራራ ይታወቃል፤ ባለአክሲዮኖቹና አስተዋዋቂዎቹ በስም ይጠራሉ፤ ስለዚህም አሩሻ ድረስ ሊጐተቱ ቻሉ። በስልክ ውስጥ ያለው ግን ማሠራጫው እያንዳንዱ ሰው ነው። ከተማሪዎቼ አንዱን፥ ይህን ክፉ ወሬ ስለምን አሳለፍኸው ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፥ እኔ አልጻፍሁትም፤ ሼር ያደረግሁት ብቻ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ልጁ አልዋሸኝም። በሜዳው ላይ «በለው» ያለውም ልጅ እኮ አልዋሸም፤ ጣቱን አላነሣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ዐዋጅ ብዙ ተከታይ ባለው ገጽ የሚሠራጨውን ጥፋት በከባዱ ይቀጣል። ሃምሳ ወዳጅ ብቻ ያለው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ግን ዐዋጁ በእርሱ ላይ የወጣ አይመስለውም፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ መሆኑን ያወቀው በቃል ጥናት ብቻ ነው።

ለጸሐፊው አባት እንግዲህ ምን ልመልስ? ልጅዎ የተማረውን እርግጫ እኔም ሆንሁ እርስዎ ልናስረሳው አንችልም። ነገር ግን ማታ ማታ ቤተ ሰቡ በተሰበሰበበት፥ አንድን ሕዝብ በእንስሳ ስም የሚጠራ ቀልድ ከስልክ ሲነበብ ከትልልቆቹ የሚስቀው ማነው? ልጁ የሚያየው ፊልሙን ብቻ አይደለም፤ ፊልሙንም ሆነ ወሬውን ስንሰማ የኛን ፊት ያያል። ደብዳቢው ይሸለማል ወይስ ይቀጣል የሚለውን የሚያነበው ከዚያ ላይ ነው።

ራዲዮ ያጠፋውን ራዲዮ ሊጠግነው ይችል እንደሆነ ሩዋንዳውያን ራሳቸው ሞክረውታል። በ1996 ዓ.ም. ከአንድ የሆላንድ ድርጅት ጋር ሆነው ሙሴኬዌያ የሚባል ተከታታይ ድራማ በራዲዮ ማሠራጨት ጀመሩ፤ አዲስ ንጋት እንደ ማለት ነው። ስለ ሁለት የልብ ወለድ መንደሮች ጠብ፥ በመካከላቸውም ስለሚፋቀሩ ወጣቶች የሚናገር ነው። ሁቱና ቱትሲ የሚለው ቃል አይነሣበትም፤ ሰሚው ግን ያውቀዋል። ቤትሲ ሌቪ ፓለክ የሚባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ አንዳንዱን ማኅበረ ሰብ ይህን ድራማ፥ አንዳንዱን ደግሞ ስለ ጤና የተዘጋጀ ሌላ ድራማ ለአንድ ዓመት እንዲሰማ አድርገው ውጤቱን አስተያዩ። ድራማው የሰሚዎቹን የግል እምነት ብዙም አልለወጠውም። የለወጠው፥ በመንደራችን ምን ማድረግ ይገባል፥ ሌላውስ ምን ይላል የሚለውን ግምታቸውን ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ ለየመንደሩ የካሴት ማጫወቻና ካሴቶች በስጦታ ተሰጡ፤ ማን ያስቀምጠው የሚለው ለሰዎቹ ተተወ። የጤናውን ድራማ የሰሙት ብዙ ሳይነጋገሩ፥ ለአካባቢው ሹም ይሰጥ፥ እርሱ ይጠብቅልን ብለው ተስማሙ። ሙሴኬዌያን የሰሙት ግን ወዲያው አልተስማሙም። አንዱ ለሹሙ ይሰጥ ሲል ሌላው ተነሥቶ ተቃወመው፤ ስለምን እኛው ራሳችን አንይዘውም የሚል ሐሳብም ቀረበ፤ ብዙ ተከራክረው በኅብረት ሊይዙት ወሰኑ።